ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቱሉ ጉዶ፦ ሞተር ጀልባን ከግቢ አውጥቶ በዝዋይ ደሴቶች መሐል የመንዳት ዝርዝር መመሪያ

ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ከጠራ ነገሩን ሳላነሳው አውቀዋለሁ። «ወንድሜ፣ ጀልባው ውሃ ላይ ነው፤ ሞተሩ ግን እምቢ አለ።» ከገላን፣ ከዱከም፣ አዲስ አበባ ጫፍ ካለው ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱም ተዋጥተው ያገለገለ ሞተር ጀልባ የገዙ ጓደኛሞች አሉ። የሚሄዱት ወደ ዝዋይ ነው፤ መሐል ላይ የሚቆሙትም በእነዚያው ሦስት አራት ምክንያቶች ነው። ብልሽቱን ብዙ ጊዜ ከግቢያችን ጭነነው ነው የምንሄደው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ግቢው ላይ ረዘም ይላል፤ ቸኩላችሁ አትዝለሉት።

የምጽፈው 5 ሜትር ገደማ ርዝመት ላላት፣ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ሞተር ከኋላ ለተንጠለጠለባት ጀልባ ነው። ፎር ስትሮክ ያላችሁ የዘይት ቅልቅሉን ተዉት፤ ሌላው ለእናንተም ይሠራል።

ሐይቁን ጨርሶ የማታውቁ ከሆነ የመጀመሪያውን ጉዞ በራሳችሁ አትሞክሩት። የዛይ (የደሴቶቹ ሕዝብ) ተወላጅ ጀልበኛ ቅጠሩ። አጠገቡ ተቀምጣችሁ የት ላይ እንደሚያዞር፣ የት ላይ ፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ስንት ሰዓት ላይ ሰማይ ሰማይ ማየት እንደሚጀምር ልብ በሉ። ያ ክፍያ ከማንኛውም መለዋወጫ ይረክሳል።

ደረጃ 1፦ ሳምንት ሲቀር፣ ሞተሩን በርሜል ውስጥ ማስነሳት

ለሁለት ወር የቆመ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሳው ሐይቅ ዳር መሆን የለበትም።

1. ፕሮፔለሩን ፍቱና አስቀምጡ። በርሜል ውስጥ ከዞረ ውሃውን ይረጨዋል፣ እጅም ይቆርጣል።

2. ሞተሩን በጠንካራ የእንጨት ማቆሚያ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። እግሩን አፉ በተቆረጠ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ አስገቡና በርሜሉን ሙሉ። ውሃው ከፕሮፔለሩ ቦታ በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ብረት በአንድ ስንዝር ማለፍ አለበት። ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ከወዲሁ አጠራቅሙ፤ እኔ አንድ ጊዜ በግማሽ በርሜል «ይበቃል» ብዬ ያቃጠልኩትን የሞተሩን የውሃ መሳቢያ ጎማ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጨዋለሁ።

3. ያለ ውሃ ለአንድ ደቂቃም አታስነሱት። ውሃ የሚስበው የጎማ ክንፍ (ኢምፔለሩ) የሚለሰልሰው በራሱ በውሃው ነው። ደረቁን ከዞረ በሰከንዶች ውስጥ ይላጣል።

4. ማርሹን ፎሌ አድርጉ፤ አስነሱ። ከሞተሩ ጎን ቀጭን የውሃ ክር መውጣት አለበት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ካልወጣ አጥፉ። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጥረጉና ድገሙ። አሁንም ካልተፋ ኢምፔለሩን ሳትቀይሩ ጉዞ የለም።

5. 10 ደቂቃ ይሥራ። የውሃው ክር ለብ ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ እንፋሎት ከሆነ አጥፉ።

6. ሲቀዘቅዝ ካንዴላዎቹን አውጡ። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል ወይም አየር እየገባ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ወይም ዘይት በዝቶበታል።

7. በእግሩ ታች ያለችውን የካምቢዮ ዘይት ብሎን ትንሽ ላላ አድርጉ። የሚወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶታል ማለት ነው፤ ጎሚኒው ይቀየር።

ማስጠንቀቂያ፦ የካርቡሬተሩን ብሎን እዚህ አትነካኩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዝዋይ ሐይቅ 1,636 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። «አስተካክለዋለሁ» ብላችሁ ነዳጁን ከቀነሳችሁለት፣ 500 ሜትር ያህል ወርዳችሁ አየሩ ሲወፍር ነዳጅ ያንሰዋል። ቱ ስትሮክ ሞተር ደግሞ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ነዳጅ ሲያንሰው ቅባቱም ያንሰዋል፤ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። ማስተካከል ካስፈለገ ሐይቁ ዳር አስተካክሉ።

ሌላም ነገር አለ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ 3 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል። ዝዋይ ላይ ባለ 15ቱ ሞተራችሁ ከ13 የፈረስ ጉልበት በታች ነው የሚሰጣችሁ። ሻጩ «አምስት ሰው ይጭናል» ካላችሁ አራት ጫኑ። ፕሮፔለር የምትመርጡም ከሆነ ጥምዘዛው (ፒቹ) በአንድ ቁጥር ያነሰውን ውሰዱ፤ ሞተሩ ይተነፍሳል።

ደረጃ 2፦ ነዳጅ

የቆየ ቤንዚን ጣሉ። ሁለት ሦስት ወር ጄሪካን ውስጥ የተቀመጠ ቤንዚን ካርቡሬተር ውስጥ ሙጫ ይሠራል። ቀለሙ የጠቆረ፣ ሽታው እንደ ቫርኒሽ የሆነ ቤንዚን ለሞተር አይሆንም።

1. ማደያዎች በጄሪካን ለመቅዳት ፈቃድ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ሐሙስ ሳይመጣ ጠይቃችሁ ጨርሱ።

2. ከቀዳችሁት ላይ ትንሽ በሚያሳይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወስዳችሁ ለግማሽ ሰዓት አቁሙት። ውሃ ካለበት ከታች ለብቻው ይተኛል።

3. ቅልቅሉ በሞተራችሁ መመሪያ የተጻፈው ነው። ብዙዎቹ 50 ለ 1 ናቸው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ማለት ነው። በዓይን አትገምቱ፤ የልጅ ጡጦም ቢሆን ቁጥር ያለው ዕቃ ተጠቀሙ። ግማሹን ቤንዚን አስቀድሙ፣ ዘይቱን ጨምሩ፣ ቀሪውን ቤንዚን ጨምራችሁ ናጡት። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም።

4. ጄሪካኑ ላይ «ተቀላቅሏል» ብላችሁ በማርከር ጻፉ። ወንድማማቾች ሁለቱም «አንተ ጨምረሃል ብዬ» ተባብለው ሞተር ሲያቃጥሉ አይቻለሁ።

ምን ያህል ይያዝ? ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ጨርሶ ለማይነካ። የኔ ሞተር ሙሉ ሲሰጠው በሰዓት 7 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ከባቱ (ከዝዋይ ከተማ) ዳርቻ ቱሉ ጉዶ ለመድረስ በዚህ ዓይነት ጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ደርሶ መልሱ 21 ሊትር ከሆነ የምትይዙት 32 ነው፤ ሌላ ደሴት ከጨመራችሁ 40።

ደረጃ 3፦ የሚያዝ ዕቃ

ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት፣ ለልጅ የልጅ። መልህቅና ከ40 እስከ 50 ሜትር ገመድ። ሁለት መቅዘፊያ። ውሃ መቅጃ ባልዲ። ትርፍ ካንዴላ ከነመፍቻው፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሽቦ፣ ቢላ፣ የማስነሻ ገመድ። ትንንሽ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን የምትይዘው ፒን ለስላሳ ብረት ናት፤ ድንጋይ ሲመታት ሞተሩን አድና ራሷ ትቆረጣለች፤ ሦስት ያዙ። ቦቲ ጫማ፣ ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ የመጠጥ ውሃ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቻርጅ የሞላ ስልክ።

ከሁሉም በላይ፦ ባቱ ዳርቻ ላይ ጀልባ ያለውን የአንድ ሰው ስልክ ያዙ። መሐል ሐይቅ ላይ ስትቆሙ ፈጥኖ የሚደርስላችሁ እሱ ነው። የት ደሴት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ሳትነግሩት አትነሱ።

ደረጃ 4፦ ጭነትና መንገድ

አርብ ማታ ጫኑ፤ ቅዳሜ ከንጋቱ 9 ሰዓት ተነሱ። ሲነጋ ውሃ ላይ መሆን አለባችሁ፤ ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።

የተጎታቹን ጎማ ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ከኋላ ውሃ የሚነከር ጎማ ኩሽኔታው ቶሎ ይዝጋል። ግራሶ ሙሉት። የፈጣን መንገዱን ክፍያ ጣቢያ አልፋችሁ ሞጆ ስትደርሱ ቁሙና የጎማውን መሐል በእጅ ንኩ። ለብ ካለ ደህና። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ኩሽኔታው እያለቀ ነው፤ እዚያው ሞጆ አሠሩት፣ መቂ ድረስ «ይደርሳል» አትበሉ። የጀልባውን ገመድም እዚያው አጥብቁ፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁልጊዜ ይላላል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይታሰር፤ የነዳጅ ታንኩ የአየር መተንፈሻ ይዘጋ።

(ይህችን መተንፈሻ አስታውሷት። በኋላ ትመጣለች።)

ደረጃ 5፦ ወደ ውሃ ማስገባት

1. ውታፉን ግጠሙ። በጀልባው ኋላ ታች ያለችውን ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ የምትደፍነውን ማለቴ ነው። ዳር ላይ ደስታ ሲበዛ የምትረሳው እሷ ናት። የመኪናችሁ ቁልፍ ላይ እሰሯት፤ ውታፉ ካልተገጠመ መኪናውም አይነሳም።

2. ቦቲ አድርጋችሁ ብቻ ውሃ ውስጥ ግቡ። ዝዋይ ቢልሃርዚያ አለበት። የሚይዘው በቆዳ በኩል ነው፤ ባዶ እግር መቆም በቂ ነው።

3. የታንኩን መተንፈሻ ክፈቱ። ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ፓምፕ እስክትጠነክር ድረስ ጭመቁ።

4. የሞተር ማጥፊያውን ገመድ በነጂው እጅ ላይ ወይም ጃኬት ላይ እሰሩ። ነጂ ከወደቀ ጀልባዋ ዞራ በፕሮፔለሯ የምትመጣው በእሱ ላይ ነው።

5. ከዳር በመቅዘፊያ ራቁ። ደንገሉና እምቦጩ ካለፈ በኋላ፣ ውሃው ወገብ ሲያልፍ ሞተሩን አውርዱና አስነሱ። የውሃውን ክር እዩ። አምስት ደቂቃ በዝግታ።

ደረጃ 6፦ ከደሴት ደሴት መንዳት

በሐይቁ ላይ አምስት ዋና ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ሁሉንም በአንድ ቀን ላዳርስ የሚል ሰው ቢያንስ አንዱ ላይ ያድራል፤ ሳይወድ። ለጀማሪ አንድ ሩቅና አንድ ቅርብ ደሴት ይበቃል። ሩቁን አስቀድሙ።

ሰዓቱ፦ ጠዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ዝዋይ ጥልቀት የለውም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት 9 ሜትር ገደማ ነው። ስስ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና የተጠጋጋ ይሆናል፤ ጀልባዋ ከአንዱ ሳትነሳ ሌላው ይመታታል። ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ፤ 5 ሰዓት ሲሆን ፊታችሁን ወደ ባቱ መልሱ። ጓደኞቻችሁ «ትንሽ እንቆይ» ሲሉ ነጂው አይሰማም። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙበት፤ ደሴት ላይ ዓሣ ተጠብሶ ከቀረበ በኋላ የሚስማማ የለም። በክረምት ደግሞ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጨርሶ አትነሱ።

አቅጣጫ፦ ስትነሱ ወደኋላ ዞራችሁ የመነሻችሁን ምልክት ያዙ፤ አንድ ረጅም ሕንፃ ወይም የስልክ ማማ። ከሰዓት በኋላ አቧራ ሲያጥነው ዳርቻው ሁሉ አንድ ይመስላል። በስልካችሁ ካርታ ላይ መነሻውን ምልክት አድርጉ፤ ካርታውም ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ቤት ሳላችሁ ይውረድ።

መረብ፦ ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ማታ ዘርግተው ጠዋት ያነሳሉ፤ እናንተ የምትሄዱት በዚያው ሰዓት ነው። የተደረደረ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ተንሳፋፊ እንጨት ካያችሁ መሐሉን አትቁረጡ፤ ጫፉን አዙሩ። ከፊት አንድ ሰው ውሃውን እያየ ይቀመጥ። መረብ ከገባባችሁ ወዲያው አጥፉ፣ ሞተሩን ወደ ላይ አንሡ፣ በተጠመጠመበት ተቃራኒ እየዞራችሁ በእጅ ፍቱት። ቢላ የመጨረሻው ነው። ከቆረጣችሁ ባለቤቱን ፈልጋችሁ ክፈሉ፤ መረቡ እንጀራው ነው፣ ነገ ደግሞ እናንተን ጎትቶ የሚያወጣችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ጉማሬ፦ ደንገል ዳር ዳሩን አትንዱ። ጉማሬ ካያችሁ በእሱና በጥልቁ ውሃ መሐል አትግቡ፤ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደዚያ ነው። 100 ሜትር ራቁ። ጠልቆ ከጠፋችሁ ቆማችሁ አትጠብቁት፤ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ። ለፎቶ ብሎ የሚጠጋ ሰው በእኔ ጀልባ ሁለተኛ አይሳፈርም።

ደረጃ 7፦ ደሴት ላይ መጠጋት

50 ሜትር ሲቀር ፍጥነት ቀንሱ። 20 ሜትር ሲቀር አጥፉና ሞተሩን አንሡ፤ በመቅዘፊያ ግቡ። ዳር ዳሩ ድንጋይ አለ፤ ፒን የሚቆረጠው እዚህ ነው። ከነፋሱ በተከለለው በኩል ቁሙ። በፊት በኩል እሰሩ፣ ውታፉን ግን አትንቀሉ።

ቱሉ ጉዶ ላይ ወደ ደብረ ጽዮን ማርያም ለመውጣት ካሰባችሁ አለባበሳችሁ ይታሰብበት፤ መጀመሪያ አባቶችን አስፈቅዱ።

ደረጃ 8፦ ነፋስ ከቀደማችሁ

ገና ደሴት ላይ ሳላችሁ ውሃው ነጭ ነጭ አረፋ ማሳየት ከጀመረ አትነሱ። ባቱ ላለው ሰው ደውሉና ቁጭ በሉ፤ ማታ ሊረጋ ይችላል፣ ካልሆነም ይነጋል። በጨለማ አትነሱ።

መሐል ላይ ከያዛችሁ፦

1. ሁሉም ጃኬቱን ይቆልፍ፣ ወለል ላይ መሐል ላይ ይቀመጥ። ማንም አይቁም።

2. ፍጥነት ቀንሱ፤ አታጥፉ። ሞተር የሌላት ጀልባ ጎኗን ለማዕበል ትሰጣለች፤ የምትገለበጠውም በጎኗ ነው።

3. ማዕበሉን በጀልባዋ የፊት ጥግ፣ ሰያፍ አድርጋችሁ ውጡት። ሲያነሳችሁ ትንሽ ስጡ፣ ስትወርዱ ቀንሱ።

4. ከኋላ የሚመጣ ከሆነ በአንዱ ማዕበል ጀርባ ላይ ቆዩ፤ ቀድማችሁ ከጫፉ አትንሸራተቱ።

5. ማዞር ካለባችሁ ትልልቆቹ እስኪያልፉ ጠብቁ። ረገብ ስትል በአንድ ጊዜ አዙሩ።

6. አንድ ሰው ሥራው ውሃ መቅዳት ብቻ ይሁን።

ወደ መነሻችሁ ቀጥታ መድረስ ግዴታ አይደለም። ማዕበሉ ወደሚፈቅደው ቅርብ ዳርቻ ግቡና በእግር ተመለሱ። እኔ አንድ ቀን «መኪናው እዚያ ነው» ብዬ ለአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ታገልኩ፤ መኪናው የትም አይሄድም ነበር።

ደረጃ 9፦ ሞተር መሐል ላይ ሲቆም

መጀመሪያ መልህቅ። ገመዱን ከመሳባችሁ፣ ከመሳደባችሁም በፊት። የዝዋይ መልካም ነገሩ ይህ ነው፦ ስስ ስለሆነ መልህቃችሁ የትም ወለል ያገኛል። የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ገመድ ልቀቁ። ከፊት እሰሩ፤ ከኋላ ከታሰረ ማዕበሉ በሞተሩ በኩል ይገባል። ወለሉ ጭቃ ስለሆነ ድንጋይ ብቻውን ይንሸራተታል፤ ምላጭ ያለው መልህቅ ይሻላል።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦

1. የማጥፊያው ገመድ ወልቆ እንደሆነ።

2. የታንኩ መተንፈሻ ተዘግቶ እንደሆነ። ቅዳሜ ከሚደወልልኝ ውስጥ ብዙው እሷ ናት። ጀልባዋ ደህና ትነሳለች፣ ጥቂት ደቂቃ ትሄዳለች፣ አየር ሲያጥር ትሞታለች። የጎማ ፓምፗ ወደ ውስጥ ሰርጉዳ ካገኛችኋት በእርግጠኝነት ይህ ነው።

3. ፓምፗ ብትጨመቅም አልጠነክር ካለች ወይ ነዳጅ አልቋል ወይ ቱቦው አየር እየሳበ ነው። መጋጠሚያዎቹን አጥብቁ።

4. ካንዴላ አውጡ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። በቤንዚን ከራሰ ታፍኗል፤ ቾኩን መልሱ፣ ካንዴላውን አድርቁ፣ የማጥፊያው ገመድ ወልቆ ሳለ የማስነሻ ገመዱን ስምንት ዐሥር ጊዜ ሳቡና የበዛውን አስወጡ፣ ሁሉንም መልሳችሁ አስነሱ። በዚህ ጊዜ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገባችሁ አይኑር።

5. ሞተሩ እየሠራ ጀልባዋ ካልሄደች ፕሮፔለሩን እዩ፦ እምቦጭ፣ መረብ፣ ወይም የተቆረጠ ፒን። ፒን ስትቀይሩ ካንዴላው ይነቀል፤ ፕሮፔለሩ በእጃችሁ ላይ እንዳይዞር።

6. የውሃው ክር ከቆመ አጥፉ። ፌስታል ወይም ጭቃ መሳቢያውን ዘግቶታል። ጥረጉ፣ 20 ደቂቃ ቀዝቅዞ ይነሳ።

እነዚህን ሁሉ ለማየት 30 ደቂቃ ይበቃል። ካልተነሳ ደውሉ። ካርቡሬተር መሐል ሐይቅ ላይ አይፈታም፤ አንዲት ትንሽ ብሎን ውሃ ውስጥ ከገባች ነገሩ አበቃ።

ደረጃ 10፦ ቤት ስትመለሱ

እሑድ ድካም ቢኖርም ሞተሩን እንደገና በርሜል ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አስነሱ፤ የሐይቁ ደለል ይታጠባል። ከዚያ የነዳጅ ቱቦውን ንቀሉና በራሱ እስኪሞት ይሥራ፤ ካርቡሬተሩ ይደርቃል። እምቦጭ ከጀልባውም ከተጎታቹም አንድ ቅጠል ሳይቀር እዚያው ዝዋይ ልቀሙ፤ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ይዛችሁ እንዳትገቡ። ውታፉን ንቀሉ፣ ጀልባዋን ወደ ኋላ አዘንብሉ፣ ውሃው ይውጣ። ቆዳችሁ ሐይቁን ነክቶ ከሆነ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የቢልሃርዚያ ምርመራ ጠይቁ።